ዓይናችን ፎቶ አያነሳም፤ ጥለቱን ብቻ ነው የሚልከው

ሽሮ ሜዳ ያሉ የባህል ልብስ ነጋዴዎች ውጭ ሀገር ላለች ደንበኛ ምን ፎቶ እንደሚልኩላት አስተውላችኋል? የጥለቱን። ስልካቸውን ጠጋ አድርገው ጥለቱን ያነሱና በቴሌግራም ይልካሉ፤ እሷም እዚያው ሆና ትመርጣለች። ነጩን ጨርቅ ሜትር በሜትር አንስቶ የሚልክ የለም። ምን ያደርጋል? ነጭ ነው። ከየት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ ከታወቀ የቀረውን በሐሳብ መሙላት ይቻላል።

ዓይናችን ለአእምሯችን የሚልከውም እንደዚሁ ነው። መጀመሪያ ስናነበው ትንሽ ከብዶን ነበር፤ ምክንያቱም ሁላችንም «ዓይን እንደ ካሜራ ነው» ተብለን ነው የተማርነው። ካሜራ ግን ያየውን ሁሉ ነጥብ በነጥብ ይመዘግባል። ዓይን እንደዚያ ቢያደርግ ኖሮ ገመዱ አይችለውም ነበር።

ቁጥሩን እንየው። ሬቲና የሚባለው ከዓይናችን ኳስ በስተጀርባ፣ ከውስጥ በኩል የተለጠፈ ስስ ሽፋን ነው። ውፍረቱ ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም። እዚያ ላይ ብርሃን የሚቀበሉ ሴሎች አሉ፤ ለጨለማ የሚያገለግሉት 120 ሚሊዮን ገደማ፣ ለቀንና ለቀለም የሚያገለግሉት ደግሞ 6 ሚሊዮን ገደማ። ይሄ ለአንድ ዓይን ብቻ ነው። በስልክ ቋንቋ 126 ሜጋፒክስል በሉት። ከዓይን ወደ አእምሮ የሚሄደው ገመድ፣ ማለትም የዓይን ነርቭ፣ ያሉት ክሮች ግን 1 ሚሊዮን አካባቢ ናቸው። በአማካይ ለ126 ተቀባይ አንድ ክር ይደርሳል። (አማካይ ነው ያልነው። መሃል ላይ፣ አሁን ይሄን ፊደል በምታዩበት ቦታ፣ አንዱ ሴል የራሱ ክር አለው ማለት ይቻላል። ዳር ዳሩ ላይ ግን በመቶ የሚቆጠሩ ሴሎች በአንድ ክር ይገፋፋሉ።)

እ.ኤ.አ በ2006 አሜሪካ ፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ የሚገኙ ተመራማሪዎች ጊኒ ፒግ የምትባለውን አይጥ መሳይ እንስሳ ሬቲና እያጠኑ በገመዱ ውስጥ ምን ያህል መረጃ እንደሚያልፍ ለኩ። ያንን ወደ ሰው ሲያሰፉት አንድ ዓይን በሰከንድ 10 ሜጋቢት ገደማ ይልካል የሚል ግምት ላይ ደረሱ። ከእንጦጦ ላይ ሆናችሁ ከተማውን ስታዩ የሚገባችሁ ያ ሁሉ ነገር፣ ሰማዩ፣ ቆርቆሮው፣ ባሕር ዛፉ፣ የሚሄደው ታክሲ፣ በዚያች ነው የሚያልፈው። እንደ ተራ የቤት ዋይፋይ ማለት ነው።

ታዲያ ገመዱን ለምን ወፍራም አላደረገውም? አንደኛ፣ ገመዱ ከዓይን የሚወጣው ሬቲናውን በስቶ ነው። የሚወጣበት ቦታ ላይ ብርሃን ተቀባይ ስለሌለ እዚያ ጋ ምንም አናይም። እስቲ ሞክሩት። ወረቀት ላይ በስተግራ የመደመር ምልክት፣ ከሱ በስተቀኝ 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ራቅ አድርጋችሁ ወፍራም ነጥብ ሥሩ። ግራ ዓይናችሁን ጨፍኑ። በቀኙ የመደመር ምልክቷን ብቻ እያያችሁ ወረቀቱን ከፊታችሁ አንድ ስንዝር ትንሽ አለፍ አድርጋችሁ ያዙት፤ ከዚያ ቀስ ብላችሁ ወደፊትና ወደኋላ አንቀሳቅሱት። የሆነ ቦታ ላይ ነጥቡ ይጠፋል። ገመዱ ቢወፍር ይሄ ጉድጓድም ይሰፋ ነበር፤ ዓይንም እንደልቡ መዞር ባልቻለ።

ሁለተኛው የምግብ ጉዳይ ነው። አእምሮ ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ሆኖ ሳለ አርፈን ስንቀመጥ ከምናወጣው ጉልበት 20 በመቶውን ይበላል። በነርቭ ክር ላይ የምትሄድ እያንዳንዷ ምልክት ጉልበት ታስወጣለች። ስለዚህ ሬቲና የሞባይል ዳታው ሊያልቅበት እንደደረሰ ሰው ነው የሚያስበው፦ አዲስ ነገር ያልያዘ መልእክት አይላክ።

አሁን ዋናው ጥያቄ መጣ። «አዲስ ነገር» የቱ እንደሆነ በምን ያውቃል?

መልሱ የተጀመረው ከስልክ ነው። እ.ኤ.አ በ1948 ክሎድ ሻነን የሚባል አሜሪካዊ የሒሳብ ሰው፣ ቤል የስልክ ኩባንያ ቤተ ሙከራ ውስጥ እየሠራ፣ መረጃን በቁጥር መለካት እንደሚቻል አሳየ። ቀድማችሁ መገመት የምትችሉት ነገር መረጃነቱ ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ በ1961 ደግሞ እንግሊዛዊው ሆራስ ባርሎ (የቻርልስ ዳርዊን የልጅ ልጅ ልጅ ነው፤ ዘር ከልጓም ይስባል እንዲሉ) ይህንን ሐሳብ ወደ ስሜት ህዋሶቻችን አመጣው። የዓይን ሥራ ድግግሞሹን እያወጣ መጣል ነው አለ።

የምናየው ዓለም ደግሞ በድግግሞሽ የተሞላ ነው። ከሰማዩ ላይ አንዲት ነጥብ ሰማያዊ ከሆነች አጠገቧ ያለችውም ሰማያዊ ናት፤ የሱም ጎረቤት እንደዚያው። ግድግዳም፣ አስፋልትም፣ የሰው ግንባርም እንዲሁ። ዝም ብሎ ነጥብ የተረጨበት ምስል፣ ያ ድሮ ቴሌቪዥን ጣቢያ ሲጠፋበት የምናየው በረዶ መሳይ ነገር፣ በተፈጥሮ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ሬቲና የተሠራው ለተፈጥሮ ትዕይንት ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ይመስላል ብሎ ይነሳል፤ ሳይመስል ሲቀር ይናገራል።

አሠራሩ ሲገባን በጣም ነው የገረመን፤ ምክንያቱም ተራ መደመርና መቀነስ ነው። ከሬቲና ወደ አእምሮ ምልክት የሚልኩት ሴሎች ጋንግሊዮን ይባላሉ። እስጢፋን ኩፍለር እ.ኤ.አ በ1953 የድመት ዓይን ላይ እንዳሳየው፣ እያንዳንዷ ጋንግሊዮን ሴል የምትጠብቃት ትንሽ ክብ ቦታ አለቻት። የክቡ መሃል ላይ የሚያርፈውን ብርሃን ትደምራለች፤ ዙሪያው ላይ የሚያርፈውን ትቀንሳለች። (ተቃራኒውን የሚያደርጉም አሉ፤ እነሱ ጨለማ ሲያገኙ ነው የሚጮኹት።) ከዚያ ቀደም ብሎ ኬፈር ሃርትላይን የሚባል ሳይንቲስት የባሕር ሸርጣን በሚመስል እንስሳ ዓይን ላይ ጎረቤት ሴሎች አንዱ ሌላውን ዝም እንደሚያሰኙ አሳይቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ በ1967 ኖቤል ከተሸለሙት አንዱ ነው።

ወደ ነጠላችን እንመለስ። ሴሏ የምታየው ቦታ ሙሉ በሙሉ ነጩ ሜዳ ላይ ካረፈ መሃሉም ነጭ፣ ዙሪያውም ነጭ ነው። የተደመረውና የተቀነሰው ይጣፋል፤ ሴሏ ከተለመደው ማጉረምረሟ ያለፈ ነገር አትልም። ጥለቱ ውስጥ፣ አንድ ወጥ የሆነ ሰፊ ጥቁር ካለ እዚያም እንደዚሁ። ነጩና ጥቁሩ የሚገናኙበት ጠርዝ ላይ ያለችው ግን ሒሳቧ አይጣፋም። መሃሏ ነጭ ሆኖ ከዙሪያዋ ከፊሉ ጥቁር ነው። ትጮኻለች። ወደ አእምሮ ጎላ ብሎ የሚሄደው የጠርዟ ወሬ ነው። ነጩን አእምሮ ራሱ ይሞላዋል።

ይሄ መቀነስ ሌላም ጥቅም አለው። ሽሮ ሜዳ ገዢ ሁሉ የሚያደርገውን ታውቃላችሁ፦ «እስቲ ደጅ አውጥተሽ አሳዪኝ»። ሱቅ ውስጥ ያለው ብርሃን በመለኪያው 200 ሉክስ አካባቢ ቢሆን፣ የቀትር ፀሐይ ግን እስከ 100,000 ሉክስ ይደርሳል። 500 እጥፍ ነው። አሁን አስሉት። ጥቁር ክር ከሚያርፍበት ብርሃን 5 በመቶውን ያህል ይመልሳል፤ ነጭ ጨርቅ 80 በመቶውን። ስለዚህ ደጅ ያለው ጥቁር ጥለት ወደ ዓይናችሁ የሚልከው ብርሃን ሱቅ ውስጥ ካለው ነጭ ነጠላ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ግን ደጅ የወጣው ጥቁር ነጭ ሆኖ ታይቷችሁ ያውቃል? ሬቲና «ይሄን ያህል ብርሃን ደረሰኝ» ብሎ አይልክማ። የሚልከው ከአካባቢው ምን ያህል እንደሚበልጥ ወይም እንደሚያንስ ነው። ሱቅም ውስጥ ደጅም ጥቁሩ ከነጩ ያንሳል፤ በአንድ ዓይነት ልክ።

ዋጋውም እዚሁ ጋ ይጀምራል። ጎረቤቱን እየቀነሰ የሚያይ ዓይን በጎረቤት ይታለላል። አንድ ዓይነት ግራጫ ክር ከጥቁር ጎን ሲሆን ፈካ ይላል፤ ከነጭ ጎን ሲሆን ይጠቁራል። የክር ቀለም የሚያዛምድ ሰው ይሄን ያውቀዋል፤ ለዚህም ነው ጥቅሉ ላይ ያማረው ክር ጥለት ውስጥ ሲገባ ሌላ የሚሆነው። ማረጋገጥ ከፈለጋችሁ መዳፋችሁን እንደ ቱቦ ጠቅልላችሁ ክሩን ብቻ በቀዳዳው እዩት። ጎረቤቱ ሲጋረድ «ተቀየረ» ያላችሁት ቀለም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ሬቲና ቦታን ብቻ ሳይሆን ጊዜንም ይቀንሳል። ከአፍታ በፊት የነበረው አሁንም ካለ ወሬ አይደለም። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ) የተሠሩ ሙከራዎች ላይ ምስሉ ከዓይን እንቅስቃሴ ጋር አብሮ እንዲንቀሳቀስ ተደርጎ፣ ሬቲና ላይ አንድ ቦታ ረግቶ እንዲቀር አደረጉት። ሰዎቹ ዓይናቸውን ገልጠው እያዩ ምስሉ በሰከንዶች ውስጥ ጠፋባቸው። በተለመደው ቀን እንዲህ የማይሆንብን ዓይናችን ሳናውቀው ሁልጊዜ ስለሚንቀጠቀጥ ነው። እንቅጥቅጡ ጠርዞቹን በሴሎቹ ላይ እየወሰደ እየመለሰ «አዲስ» ያደርጋቸዋል።

መብራት ሲጠፋ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ይሄ እኛ ከሁሉ የወደድነው ክፍል ነው። በጨለማ ወደ ዓይን የሚገባው ብርሃን በጣም ትንሽና የተቆራረጠ ነው። እያንዳንዱ ተቀባይ የሚያወራው ከፊሉ እውነት፣ ከፊሉ ጫጫታ ነው። ያኔ ጎረቤትን መቀነስ ኪሳራ ነው፤ ጫጫታውን ታጎላዋለህ እንጂ አዲስ ነገር አታገኝም። ስለዚህ ሬቲና ጨለማውን ሲለምድ የዙሪያው ቅነሳ ይዳከምና ሴሎቹ ከሰፊ ቦታ መደመር ይጀምራሉ። በሻማም በሌለበት ቤት ውስጥ በሩን፣ ወንበሩን፣ ሰውየውን ትለያላችሁ፤ የመጽሐፉን ፊደል ግን አታነቡትም። ዝርዝሩ ተሽጦ ነው ጥርት ያለው ቅርጽ የተገዛው። ስልካችሁ «ናይት ሞድ» ላይ የሚያደርገው ከዚህ ጋር ይዛመዳል፤ እሱም እየደመረ ነው ጫጫታውን የሚያጠፋው።

የጨለማ ነገር ከተነሳ፣ ቅድም ጨለማ ሲያገኙ ይጮኻሉ ያልናቸው ሴሎች ትዝ ይሏችኋል? ሬቲና ውስጥ እነሱ ናቸው የሚበዙት። እ.ኤ.አ በ2010 የወጣ ጥናት ምክንያቱን ከተፈጥሮ ፎቶዎች ውስጥ አገኘው፦ በተፈጥሮ ትዕይንት ውስጥ ከአካባቢያቸው የጠቆሩ ቦታዎች ከፈኩት ይበልጣሉ። ያው የፔንስልቬንያ ሰዎች ቀጥለው ቦትስዋና፣ ኦካቫንጎ የሚባል ቦታ ሄደው ወደ 5,000 የሚጠጉ ፎቶዎች አንስተው እ.ኤ.አ በ2011 ለዓለም ተመራማሪዎች በነጻ ለቀቁት። አፍሪካ የመጡት የሰው ዓይን የተፈጠረበትን ዓይነት መልክዓ ምድር ፍለጋ ነው። ሉሲን ይዘን ቀደሙን እንጂ እንጦጦም ጥሩ ነበር።

እስካሁን ያወራነው ስለ ብልሃቱ ነው። ቤታችን ድረስ የሚመጣው ጉዳይ ግን እነዚያ 1 ሚሊዮን ክሮች መሞት ሲጀምሩ ነው። ግላኮማ የሚባለው በሽታ ይሄ ነው። አብዛኛውን ጊዜ በዓይን ውስጥ ያለው ፈሳሽ መውጫው ሲጠብበት ግፊቱ ይጨምራል፤ የጋንግሊዮን ሴሎች ክሮች ከዓይን በሚወጡበት ቦታ ይጎዳሉ፤ ቀስ በቀስ፣ ብዙውን ጊዜ ከዳር ጀምሮ፣ ይሞታሉ። የሞተው አይመለስም።

አብዛኛውን ጊዜ አያምም፤ አይቀላም። ሰውየው አያውቅም። ለምን? አንዱ ምክንያት በዓመታት ውስጥ ስለሚሄድ ነው፤ ሌላው አንዱ ዓይን የሌላውን ጉድለት ስለሚሸፍን ነው። ሦስተኛው ግን ከላይ ያነበባችሁት ነው። አእምሮ ከአንድ አካባቢ ወሬ ካልመጣ «እዚያ አዲስ ነገር የለም፤ እንደ ጎረቤቱ ነው» ማለት ለምዷል። የሞተ ክርም ወሬ አይልክም። ቅድም ወረቀት ላይ ነጥቡ ሲጠፋባችሁ በቦታው ጥቁር ጉድጓድ አያችሁ? አላያችሁም። ነጭ ወረቀት ነው ያያችሁት።

ብዙ ፖስተር ላይ ግላኮማ ያለበት ሰው ዙሪያው ጥቁር በሆነ ቱቦ ውስጥ እንደሚያይ ተደርጎ ይሳላል። እኛም እንደዚያ ነበር የሚመስለን። ለንደን ውስጥ የተሠራና እ.ኤ.አ በ2013 የታተመ ጥናት ግን 50 የግላኮማ ታካሚዎችን የተለያዩ ምስሎች አሳይቶ «ለእናንተ የሚታያችሁ የቱን ይመስላል?» ብሎ ጠየቃቸው። ጥቁር ቱቦውን የመረጠ አንድም ሰው አልነበረም። ደብዛዛ ነገር የመረጡ ነበሩ፤ ዕቃው ጭራሽ የሌለበትን ምስል የመረጡ ነበሩ፤ ምንም ጉድለት አይታየኝም ያሉም ነበሩ። ዕቃው የሌለበትን አስቡት። መንገዱ አለ፣ አስፋልቱ አለ፤ ከጎን የሚመጣው ሚኒባስ ግን የለም።

በሀገራችን እ.ኤ.አ በ2006 የወጣው ብሔራዊ ጥናት ከሕዝቡ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር እንደሆነ አሳይቷል። ግማሽ የሚጠጋው በዓይን ሞራ ምክንያት ነው። ግላኮማ 5.2 በመቶውን ይይዛል። ቁጥሩ ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ሞራ ሌንሱ ላይ ነው፤ ሌንሱ በቀዶ ሕክምና ይቀየራል፤ ሰውየው እንደገና ያያል። ግላኮማ ገመዱ ላይ ነው። ገመድ የሚቀይር ሐኪም የትም ሀገር የለም። ችግሩ ቤት ውስጥ ሁለቱ መምታታታቸው ነው። አባባ ማየት አቃታቸው ሲባል «ሞራ ነው፣ ሲበስል ይገፈፋል» ተብሎ ይጠበቃል። ሞራ ከሆነ እሺ። ካልሆነ ግን በዚያ «ሲበስል» ውስጥ የሚያልቀው የቀረው ክር ነው።

አደጋው ከፍ የሚልባቸው ሰዎች ይታወቃሉ። ከ40 ዓመት በላይ የሆኑ፣ ወላጅ ወይም ወንድም እህት ግላኮማ ያለባቸው፣ በዘራቸው አፍሪካዊ የሆኑ፤ ያው ሁላችንም ማለት ነው። ለወጣቶች ደግሞ ከባዱ ሌላ ነው። ዓይን ሲያሳክክ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት የሚገዙ ጠብታዎች አሉ። ከነዚህ ውስጥ ስቴሮይድ ያለባቸው፣ ለምሳሌ ዴክሳሜታዞን፣ ማሳከኩን ቶሎ ያጠፋሉ፤ ለሳምንታትና ለወራት ሲደጋገሙ ግን በአንዳንድ ሰው ላይ የዓይን ግፊት ይጨምራሉ። ዓይናችሁ «ደህና» እየሆነ ገመዱ ሊጎዳ ይችላል። ጠብታ የምትጠቀሙ ከሆነ ካርቶኑ ላይ ያለውን የመድኃኒት ስም አንብቡ።

ቀድሞ ከተገኘ ግፊቱን የሚቀንስ ጠብታ አለ፣ ሌዘር አለ፣ ቀዶ ሕክምና አለ። የጠፋውን አይመልሱም፤ የቀረውን ያቆዩታል። እዚሁ ጉለሌ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የዓይን ክፍል አለው፤ ዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታልም ለዓይን ከጥንት ጀምሮ የሚታወቅ ነው። የምርመራው ዓይነት ሦስት ነው ማለት ይቻላል፦ ግፊቱን መለካት፣ ነርቩ የሚወጣበትን ቦታ በመሣሪያ ማየት፣ እና ስፋቱን መፈተሽ። የመጨረሻው ላይ አንድ ዓይናችሁ ተሸፍኖ መሃል ያለች ነጥብ ላይ ታፈጣላችሁ፤ ዙሪያውን ትንንሽ ብርሃን ብልጭ ሲል ቁልፍ ትጫናላችሁ። ጤነኛ ሰውም ሁሉንም አያያቸውም፤ ስለዚህ አትደንግጡ። እናትና አባታችሁን ይዛችሁ ከሄዳችሁ በዘር ግላኮማ ወይም «በእርጅና ዓይኑ የጠፋ» ሰው ካለ ለሐኪሙ ቀድማችሁ ንገሩት፤ ብዙ ጊዜ ያ «እርጅና» የተባለው ሌላ ስም ነበረው።